የመጽሐፍ ትሬለር በተማሪዎች፦ የጋራ ምክረ ሐሳቡን እንቋጭ

አስተባባሪ፦ ሰላም አባላት። ተማሪዎች ያነበቡትን መጽሐፍ በአጭር ቪዲዮ በሚያስተዋውቁበት በዚህ የትሬለር ሥራ ያልተቋጩት የቪዲዮው ርዝመት፣ የቡድኑ መጠንና የነጥብ አሰጣጡ ናቸው። ለውጥ ስትጠቁሙ ምክንያቱን አብራችሁ ጻፉልን።

የቋንቋ መምህርት፦ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ይበቃል። ለ90 ሰከንድ ከ120 ቃል በላይ የጻፈ ተማሪ ሲያነብ ይጣደፋል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ንባቡ ነው፤ የጀርባ ሽፋኑን ብቻ አንብቦ ያማረ ቪዲዮ መሥራት ይቻላልና። ስለዚህ በስቶሪቦርዱ (ትዕይንቶቹ ከቀረጻ በፊት በቅደም ተከተል በሚሣሉበት ወረቀት) ላይ ከእያንዳንዱ ትዕይንት ጎን የገጽ ቁጥር ይጻፍ፤ መምህሩ ገጹን ገልጦ ሳያመሳክር ቀረጻ አይጀመር። ትዕይንቶቹም ከመጽሐፉ የመጀመሪያ ሲሶ ብቻ ይወሰዱ፣ መጨረሻው እንዳይገለጥ።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦ መምህርት፣ እንደዚያ ከሆነ ሲሶውን አንብቦ የሚያቆም አይጠፋም። «ከትሬለሩ ያስቀረሁት ምንድን ነው? ለምን?» የሚል ግማሽ ገጽ ቢታከልስ? እስከ መጨረሻው ያላነበበ ይህን መጻፍ አይችልም። ቡድኑም ከ3 አይብለጥ፤ አንድ ቅጂ ብቻ ላለው መጽሐፍ 2 ተማሪ ይመደብና በየተራ ያንብቡ።

የአይሲቲ መምህር፦ የግማሽ ገጹን ሐሳብ እደግፋለሁ። ከቀረጻ በኩል ብዙ ሥራ የሚያበላሸው ድምፅ ነው። ትረካው ከምስሉ ተለይቶ፣ መጋረጃና ምንጣፍ ባለው ክፍል ይቀዳ፤ ባዶ ክፍል ያስተጋባል። ስልኩ ከአፍ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ትንሽ ወደ ጎን ይያዝ፤ ፊት ለፊት ከሆነ «ጰ» እና «ፐ» ማይኩን ይመቱታል። በመሐል ስልክ ተደውሎ ቀረጻው እንዳይቋረጥ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይደረግ። አንዳንድ የኤዲቲንግ መተግበሪያ ደግሞ የግዕዝ ፊደሉን ባዶ አራት ማዕዘን አድርጎ ያወጣዋል። ያኔ ጽሑፉን ስላይድ ላይ ጽፎ እንደ ምስል ማስገባት ነው። ለስልክ 720 ፒክስል ጥራት በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ፋይሉን ያከብደዋል።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦ ሙዚቃን በተመለከተ፣ ክሪየቲቭ ኮመንስ (ባለቤቱ ሥራውን ሌሎች በቅድመ ሁኔታ እንዲጠቀሙበት የሚሰጠው ፈቃድ) የሚል ሁሉ አይፈቀድም። «ማሻሻል ክልክል ነው» የሚል ፈቃድ ያለውን ዜማ ከቪዲዮ ጋር ማቀናጀትም እንደ ማሻሻል ይቆጠራል። ለሥዕሉ የተማሪዎቹን የእጅ ሥራ እመርጣለሁ። ፊታቸው የሚታይ ከሆነ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ።

የቋንቋ መምህርት፦ ነጥቡ ከ100፦ ንባብና ጽሑፍ 50፣ ስቶሪቦርድ 20፣ ድምፅ 20፣ ኤዲቲንግ 10። ጥሩ ስልክ ያለው ቡድን በስልኩ ብቻ መብለጥ የለበትም።

አስተባባሪ፦ ሁሉንም አስገብቻለሁ። የፈቃድ ቅጹን ባለሙያዋ፣ የነጥብ ሠንጠረዡን መምህርት እንዲያዘጋጁልን እንጠይቃለን።