ፔሮሉን ለኤአይ ስጪው ተብያለሁ፤ እናንተ ምኑን ትሰጡታላችሁ?

የቱሉ ዲምቷ ሒሳብ ሠራተኛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የምሠራው ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ የቤትና የቢሮ ዕቃ ማምረቻ ነው። ቁም ሳጥን፣ የኪችን ካቢኔት፣ ዴስክ እንሠራለን። የተቀጠርኩት ለሒሳብ ነው። ትንሽ ድርጅት ስለሆነ ግን ደብዳቤውም፣ ፕሮፎርማውም፣ ስልኩም እኔው ጋ ነው።

ኤአይ (ጽፈው ሲጠይቁት የሚመልሰውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት) እጠቀማለሁ። ነጻውን፣ በስልኬ። ጠቅሞኛል። በቅርቡ አንድ የቆየ ደንበኛችን ቀብድ ከፍሎ ካቢኔቱን ሳይወስድ ቀረ። ዕቃው ወርክሾፑን አጣቧል። ስልክ አያነሳም። ሰውየውን ማስቀየም አንፈልግም፤ ዝም ማለትም አንችልም። ነገሩን እንደ ወሬ አድርጌ ጻፍኩለት፤ መቼ እንዳዘዘ፣ ስንት እንደከፈለ፣ ስንት እንደሚቀረው፣ እስከ መቼ እንደምንጠብቀው። ጨዋ ግን ቁርጥ ያለ ደብዳቤ አወጣልኝ። «እጅግ ውድና የተከበሩ ደንበኛችን ሆይ» የሚለውን አጥፍቼ «ጉዳዩ፦» ብዬ ጀመርኩ። ማኅተም አርፎበት ተላከ። ሰውየው መጥቶ ቀሪውን ከፍሎ ወሰደ።

ቤትም እጠቀምበታለሁ። እናቴ ከእኔ ጋር ናት፤ ስኳር አለባት። ምን ላብስልላት ስለው መጀመሪያ የሰጠኝ የፈረንጅ ምግብ ነው። ሳልመን የሚባለው ዓሣ እኛ ሰፈር የለም። ከዚያ ጓዳ ውስጥ ያለውን ዘረዘርኩለት፤ የጤፍ ዱቄት፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች፣ ቀይ ሥር። ያኔ ደህና የሳምንት ዝርዝር አወጣ። ረቡዕ ላይ እንቁላል ከቶበት ነበር። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ እንቁላልም ወተትም አይገባም ስለው አስተካከለ።

ጭንቀቴ ፔሮሉ ላይ ነው፤ የሠራተኛው የወር ደሞዝ ስሌት ማለቴ ነው። አለቃዬ «ለምን ወር በመጣ ቁጥር ትለፊያለሽ? ለኤአይ ስጪውና ይጨርስልሽ። አንቺ ደግሞ ንብረት ክፍሉን ደርበሽ ያዢልኝ» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። የሆነ ቦታ ቪዲዮ አይቶ ነው።

እሺ ብዬ ሞከርኩት። ደሞዙ 8,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ስንት ግብር ይቆረጥበታል አልኩት። 1,445 ብር አለኝ። ስሌቱን እየከፋፈለ አሳየኝ። መደመሩም መቀነሱም ልክ ነው። የተጠቀመበት ሠንጠረዥ ግን የድሮው ነው፤ ከግብር ነጻ የሆነው 600 ብር ብቻ የነበረበት። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ እስከ 2,000 ብር ድረስ ነጻ ነው። በአዲሱ ሲሰላ 1,150 ብር ነው የሚመጣው። ልዩነቱ 295 ብር። ለእኛ አናጢዎች ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ደሞዝ ቀን ፖስታውን ከፍተው የሚቆጥሩት እኔ ፊት ነው።

እኔ ሠንጠረዡን በቃሌ ስለማውቀው ነቃሁበት። የማያውቅ ሰው በምን ይነቃል? አነጋገሩ እኮ ጥርጥር የለበትም።

ጥያቄዬ ይኸው። እናንተ በሥራም በቤትም ምኑን ትሰጡታላችሁ? ምኑን አትሰጡትም? ለአለቃዬስ ምን ልበለው?

ፕሮግራመር ከአያት፦

እህቴ፣ የገጠመሽ ነገር የሚጠበቅ ነው። ይህ ነገር የተማረው እስከ አንድ ጊዜ ድረስ ከተጻፈ ጽሑፍ ነው። የድሮው የግብር ሠንጠረዥ ለዓመታት ኢንተርኔት ላይ ሲጻፍ ኖሯል። አዲሱ የተጻፈበት ገና ጥቂት ነው። ስለዚህ ከራሱ ሲያወጣ ብዙ ያየውን ያወጣል። ኢንተርኔት ፈልግ ብትይው የተሻለ ሊያገኝ ይችላል፤ ግን አሮጌ ገጽ ላይም ሊያርፍ ይችላል።

መፍትሔው ከራሱ እንዳያወጣ ማድረግ ነው። ሠንጠረዡን አንቺ ስጪው። እስከ 2,000 ነጻ፣ እስከ 4,000 ድረስ 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ድረስ 20፣ እስከ 10,000 ድረስ 25፣ እስከ 14,000 ድረስ 30፣ ከዚያ በላይ 35። ከዚያ ደሞዝ አስልልኝ አትበይው። «ይህን ሠንጠረዥ የሚያሰላ የኤክሴል ፎርሙላ ጻፍልኝ» በይው። ሒሳቡን ኤክሴል ይሥራው። ኤክሴል አንዴ ልክ ከሆነ ሁልጊዜ ልክ ነው፤ ዛሬ እንዲህ ነገ እንዲያ አይልም። ጡረታውንም እዚያው ጨምሪበት፤ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከድርጅቱ 11 በመቶ።

ፎርሙላው ሲሰጥሽ ከየእርከኑ አንድ አንድ ደሞዝ ወስደሽ በእጅሽ አስልተሽ አመሳክሪ። በተለይ ድንበሩ ላይ ያሉትን፤ 2,000 እና 2,001፣ 7,000 እና 7,001። ስህተት የሚደበቀው እዚያ ነው።

ሌላ ደግሞ፣ ነጻው ቶሎ «ገደብህን ጨርሰሃል» የሚልሽ ከሆነ ምክንያቱ ፊደላችንም ሊሆን ይችላል። የላቲን ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ 1 ባይት (የመረጃ መጠን መለኪያ ነው) ሲይዝ የእኛ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ነው። በዚያ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ በብዛት ስላልተማረ ቃላችንን በጣም ቆራርጦ ነው የሚያነበው። ያው አንድ ደብዳቤ በአማርኛ ሲሆን ብዙ ይበላል። ረጅም ወሬ አንድ ላይ ከማስቀጠል ለእያንዳንዱ ሥራ አዲስ ገጽ ክፈቺ።

አናጢ ከጀሞ፦

እኔም በዚሁ ሙያ ነኝ፣ የራሴ ወርክሾፕ አለኝ። ለአለቃሽ ይህን ንገሪልኝ፤ ኤአይ ንብረት ክፍል ሄዶ ስንት ኤምዲኤፍ ቦርድ እንደቀረ አይቆጥርም። ሰው ነው የሚቆጥረው። አንድ ሰው መዝግቦ፣ ራሱ ሰጥቶ፣ ራሱ ከፍሎ የሚያበቃበት ቤት ደግሞ ኤአይ ኖረም አልኖረም አደጋ ነው። ሒሳብና ንብረት አንድ እጅ ላይ አይሆንም። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ለራስሽ ደህንነት ስትይ አትቀበዪ።

እኔ ለፕሮፎርማ እጠቀምበታለሁ። የቫት ነገር ላይ ጥንቃቄ አድርጊ። «46,000 ብር ቫትን ጨምሮ» ብዬ ቫቱን ለይልኝ ስለው 6,900 አለኝ። የ46,000ን 15 በመቶ ወስዶ ነው። ትክክለኛው ለ1.15 ማካፈል ነው፤ ዋጋው 40,000፣ ቫቱ 6,000። አሁን «ቫትን ጨምሮ ነው፣ መጀመሪያ ለ1.15 አካፍል» ብዬ ነው የምጽፍለት። እንዲያ ሲባል አይስትም።

ቆረጣም ሞክሬው ነበር። 1.22 በ2.44 ሜትር ከሆነ ቦርድ ስንት መደርደሪያ ይወጣል ስለው ጥሩ አድርጎ ደለደለልኝ። መጋዙ የሚበላውን ግን አልቀነሰም። በየቆረጣው 3 ሚሊሜትር ትንሽ ትመስላለች፤ የመጨረሻዋ መደርደሪያ ላይ ስትደርሱ ታጥራለች። ቀድሞ ካልነገሩት ይህን አያስበውም፤ መጋዝ ይዞ አያውቅማ።

ነርስ ነኝ፣ ለገጣፎ፦

እኔ ስለ እናትሽ ልጻፍ፤ ሌላውን ወንድሞቼ ብለውታል።

የምግቡን ዝርዝር ከጓዳሽ ተነስቶ እንዲያወጣ ማድረግሽ ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናትሽ ትጾማለች? እስከ ስንት ሰዓት? የምትወስደው መድኃኒትስ ምንድን ነው? ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የምትወስድ ከሆነና እስከ 9 ሰዓት ሳትበላ ከቆየች ስኳሯ በጣም ሊወርድ ይችላል። ላብ ያሰምጣታል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ግራ ይገባታል። ይህ ሰዓት የማይሰጥ ነገር ነው። ኤአዩ «ጾም ነው» ስትዪው ምግቡን ብቻ ነው የቀየረው። ሰዓቱን ጠየቀሽ? መድኃኒቱን ጠየቀሽ? እኔ ጤና ጣቢያ ስትመጪ መጀመሪያ የምጠይቅሽ ያንን ነው።

እባክሽ የመድኃኒት መጠን ከእሱ አትውሰጂ። ልቀንስላት ወይ፣ ልጨምርላት ወይ ብለሽ አትጠይቂው። በዚህ ቀልድ የለኝም፤ መድኃኒት ራሳቸው ቀንሰው ወድቀው የመጡ እናቶች አስተናግጃለሁ።

ጥሩ የሚሆነው ለዝግጅት ነው። የሳምንቱን የስኳር ልክ ጻፊለትና «ለሐኪም የማሳየው አጭር ሠንጠረዥ አድርግልኝ፣ ምን ልጠይቅ?» በይው። ሐኪም ፊት የሚኖራችሁ ጊዜ አጭር ነው። ተዘጋጅቶ የመጣ ቤተሰብ ሲገጥመኝ ደስ ይለኛል።

የቱሉ ዲምቷ ሒሳብ ሠራተኛ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ፣ እናቴ ጾሙን እስከ 9 ሰዓት ነው የምትይዘው፤ የምትወስደው ግሊቤንክላማይድ ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ነገ ጠዋት ይዣት እሄዳለሁ።

ፎርሙላውን ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ሠራሁት። ድንበሮቹ ሁሉ ልክ መጡ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ የሠራተኞቹን ሊስት እንዳለ ፎቶ አንስቼ ብልክለት ችግር አለው? ስም፣ ደሞዝ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ሁሉ አለበት።

ፕሮግራመር ከአያት፦

አትላኪው። ፎርሙላ ለመሥራት ስም አያስፈልግም። «ሠራተኛ 1፣ ሠራተኛ 2» ብለሽ ደሞዙን ብቻ ስጪው። የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የፋይዳ ቁጥር፣ ስልክ አይግባ። የምትልኪው ነገር ከስልክሽ ወጥቶ ውጭ አገር ያለ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚያርፈው። አንዳንዶቹ ደግሞ የጻፍሽውን ለቀጣዩ ሥልጠና ይጠቀሙበታል። ሴቲንግ ውስጥ ስለ ዳታ የሚለው ክፍል ገብተሽ ይህን መዝጋት ይቻላል፤ ዝጊው።

አገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አላት፤ ቁጥር 1321/2016። የሰው መረጃ የያዘ ድርጅት ኃላፊነት አለበት። አለቃሽ «ላኪው» ካለሽ አዋጁን ጥቀሺለት። ግን ከአዋጁ በፊት አናጢው ራሱ አለ። ደሞዙን ማን እንዲያየው እንደሚፈልግ አልተጠየቀም።

የእድር ጸሐፊ፣ አስኮ፦

ልጆቼ፣ ስታወሩ አነበብኩ። እኔም ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ቃለ ጉባኤ የምጽፈው በዚሁ ነው። ማስታወሻዬን እሰጠዋለሁ፣ አሰማምሮ ያመጣዋል። እኔም ያላልኩትን እቀንሳለሁ፤ አንዳንዴ ማንም ያልተናገረውን «በአንድ ድምፅ ተወሰነ» ይላልና። ቃለ ጉባኤ ላይ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ሰው ይጣላበታል።

ሒሳብ ለምትሠራው ልጄ ስለ ቀን ልጨምር። ውጭ አገር ላሉ የአባላት ልጆች የስብሰባ ጥሪ በእንግሊዝኛ አስተርጉሜ ነበር። እሑድ 8 ሰዓት ያልኩትን የፈረንጅ 8 ሰዓት ጠዋት አደረገው። ያ በእኛ 2 ሰዓት ነው! ጥር 2018 ያልኩትንም 2025 አለው። ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ 7 ነው የሚደመረው፤ ከዚያ ወዲያ 8። ስለዚህ 2026 ነው። ውል ወይም ደብዳቤ ላይ ቀን ካለ በሁለቱም አቆጣጠር ራስሽ ጽፈሽ ስጪው።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ዓይኔ ደክሟል፤ ስልክ ላይ ፊደል መልቀም ከበደኝ። በአፌ እየነገርኩት የሚጽፍበት መላ አለ?

የቱሉ ዲምቷ ሒሳብ ሠራተኛ፦

አለ አባባ። እናቴን ያስተማርኳት እሱን ነው። ጂቦርድ የሚባለውን የጉግል ኪቦርድ ያስጭኑ፣ ቋንቋው ላይ አማርኛን ይጨምሩ፤ ከፊደሎቹ በላይ የማይክ ምልክት አለች። እሷን ተጭነው ቀስ ብለው ይናገሩ፣ ይጽፍልዎታል። የሰው ስምና የሰፈር ስም ላይ ይሳሳታል፤ ሳይልኩት አንዴ አጉልተው ያንብቡት። አጠገብዎ ልጅ ካለ መጫኑን እሱ ይጨርስልዎታል፤ ካልሆነም የቱ ላይ እንደቆሙ እዚሁ ይጻፉልኝ።