ስኳር ነርቩን ለጎዳው እግር በእጅ የሚሰጥ ፊዚዮቴራፒ የሞከራችሁ አላችሁ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጅማ ነው። እናቴ ዓይነት 2 ስኳር ካለባት ቆይታለች። አሁን ሁለቱም እግሮቿ ከጣት እስከ ቁርጭምጭሚት ደንዝዘዋል። ቀን ስትራመድ ጥጥ የረገጠች ይመስላታል። ማታ ደግሞ ያቃጥላታል፣ ይወጋታል፤ አንሶላ ሲነካት እንኳ አትችልም። ሐኪሙ ስኳሩ ነርቩን ጎድቶታል ብሎ አሚትሪፕቲሊን የተባለ የነርቭ ሕመም ማስታገሻ አዘዘላት። እንቅልፏ ተሻሽሏል፣ ድንዛዜው ግን እንዳለ ነው።

ግራ የገባኝ እዚህ ጋ ነው። አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቁርጭምጭሚቷንና የእግር ጣቶቿን በእጁ እያንቀሳቀሰ ሊያፍታታላት፣ ከዚያም ሚዛን የመጠበቅ እንቅስቃሴ ሊያሠራት እንደሚችል ነገረን። የተጎዳውን ነርቭ እንደማያድን በግልጽ ነግሮናል፤ እንዲያውም ይህን ስላለ ነው ያመንኩት። ዓላማው የደረቀው መገጣጠሚያ እንዲላላና እንዳትወድቅ ነው። እዚሁ ጅማ ሂርማታ ሰፈር ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ «ወጌሻ ጋ ውሰዳት፣ እግሯን በጨውና በሙቅ ውሃ ዘፍዝፍላት» ይሉኛል። ሙቀት በማይለይ እግር ላይ ሙቅ ውሃ! እሺ አላልኳቸውም።

ይህን ሕክምና ያገኛችሁ፣ ወይም ቤተሰባችሁ ያገኘ ካለ፣ አረማመድ ላይ ለውጥ አያችሁ? በሳምንት ስንቴ ነበር? ተረከዟ ትንሽ ተሰንጥቋል፤ መጀመሪያ እሱ እስኪድን ይጠበቃል? ቤት ውስጥስ እኔ ምን ላሠራት እችላለሁ?

ጅማ ውስጥ የስኳር ታማሚን እግር በደንብ የሚያውቅ ፊዚዮቴራፒስት ካለ እባካችሁ ጠቁሙኝ። አዲስ አበባ መመላለሱ ለእሷም ለኪሳችንም ከባድ ነው።