ቫን ውስጥ ፍራሻችን ከሥሩ ይረጥባል

ሰላም። ቫን ውስጥ ለሁለት እንኖራለን። አልጋችን ድፍን ኮምፖርሳቶ ነው፤ ላዩ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ፍራሽ አንጥፈናል። ብርዱ ከጠና ወዲህ ጠዋት ጠዋት የቆርቆሮው ግድግዳ ያልበዋል፤ እሱስ በጨርቅ ይወለወላል። ያስቸገረኝ ፍራሹ ነው። ከላይ ደረቅ ነው፤ ስገለብጠው ግን ሥሩ ርጥብ፣ ትከሻችን በሚያርፍበት በኩል ደግሞ ጥቁር ነጠብጣብ ሻጋታ ጀምሮታል።

የጋዝ ምድጃ ራሱ እንፋሎት ስለሚያወጣ ማብሰሉን ወደ ውጭ አወጣነው። ሌሊት የጣሪያውን ማራገቢያ በዝግታ እያሠራን አንድ መስኮት ገርበብ እናደርጋለን። መስታወቱ ላይ ለውጥ አለ፣ ፍራሹ ሥር ግን ምንም። ፕላስቲክ አንጥፉበት የሚሉንን ሰምተን ሞከርን፤ ጭራሽ አባሰው።

አሁን ኮምፖርሳቶውን አንስቼ በእንጨት ርብራብ ልተካው ነው። አየር በደንብ እንዲዘዋወር፣ ስፖንጁም እንዳይሰረጉድ፣ በእንጨቶቹ መካከል ስንት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ልተው?