«የጥቢውን ቅቤ ከበጋው ጋር አታገናኚው»፦ ጥቢ ከየት እስከ የት ነው?

ባለጓሮ፦
ጤና ይስጥልን። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ፣ ከባለቤቴ ወላጆች ጋር አጥር ተጋርተን፣ አንዲት የወተት ላም፣ ጥቂት ዶሮዎች፣ ጎመንና ድንች የሚበቅልበት ጓሮ ይዘን እንኖራለን። ሰሞኑን የናጥሁትን ቅቤ ከቀድሞው ማሰሮ ልጨምር ስል አማቴ «የጥቢውን ቅቤ ከበጋው ጋር አታገናኚው» አሉኝ። አባባሉን ከዚህ በፊትም ሰምቼዋለሁ፤ ዘንድሮ ግን ከሥራዬ ጋር ተጋጨብኝ። ቤተሰቡ ጾመ ጽጌን ስለሚጾም ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ የተናጠውን ቅቤ ከልጆቹ በቀር የነካው የለም፤ ማሰሮው ሞልቷል። አሁን ጽጌ በኅዳር 5 ተፈጽሟል፤ የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። በእነዚህ ጥቂት የፍስክ ቀናት ውስጥ የሚበላውን በልተን፣ የቀረውን ለገናና ለጥምቀት አንጥሬ ማስቀመጥ አለብኝ። በኅዳር የተናጠው ቅቤ የጥቢ ነው ወይስ የበጋ? አማቴን ስጠይቃቸው «ላሚቱን ጠይቂያት» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ። ጥቢ የሚያልቅበትን ጊዜ የሚያውቅ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ሰዋስው፦
እኅቴ፣ የቃሉ ወሰን የሚታወቀው ምንጩ ሲታወቅ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። ጥቢ «ጠባ» ከሚለው ግስ የወጣ ስም ነው፤ ገባ ብሎ ግቢ እንደሚል ጠባ ብሎ ጥቢ ይላል። ጠባ ደግሞ የግእዙ ጸብሐ ነው። የግእዝ ጸ በአማርኛ ጠ መሆኑን ጸጉር ጠጉር ከመባሉ ሁላችን እናውቃለን፤ በመጨረሻ ያለው ሐ ሲወድቅም ድምፁ ተስቦ «ባ» ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ጥቢ ማለት የዘመን ንጋት ማለት ነው። «መስከረም ሲጠባ፣ አደይ ሲፈነዳ» ሲባል የምንሰማው ይህንኑ ነው። ንጋት እስከ እኩለ ቀን እንደማይዘልቅ ሁሉ ጥቢም ከጥቅምት አያልፍም ባይ ነኝ።

ደጋማው፦
መምህር፣ በሰዋስው ረገድ እርስዎን ለመቃወም አልደፍርም፤ ነገር ግን አማርኛ ሁለት ጠባ እንዳለው ሳይነሳ መታለፍ የለበትም። አንደኛው እርስዎ ያሉት ነው፤ ሁለተኛው ጡት ጠባ የምንለው ነው፤ ይህም ከግእዙ ጠበወ የመጣ ሲሆን ጥብ ጡት፣ አጥባት ጡቶች ማለት እንደሆነ ወንጌለ ሉቃስን በግእዝ ያነበበ ያውቀዋል። ግቢን በምሳሌነት ማቅረብዎ ሁለቱንም እኩል ያስኬዳል። እኔ ያደግሁት መንዝ ነው፤ ጥቢ ሲባል ልጅ ሳለሁ ወደ ልቤ የሚመጣው ጥጃው ጠግቦ የሚጠባበት፣ ሣሩ ጉልበት ድረስ የሚደርስበት፣ ሽማግሌዎች ያልደረቀውን የገብስ ዛላ በእሳት ለብልበው እንኩቶ የሚያቀምሱን ጊዜ ነው። ቃሉ ከቅቤ፣ ከእሸትና ከግጦሽ ጋር መያያዙ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ሰዋስው፦
ወንድሜ፣ ምልከታህ የሚያምር ነው፤ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ጡት መጥባት የሚጠባ አካልና የሚጠባ ጡት ይፈልጋል። የወቅት ስም ከዚያ ቢወጣ ኖሮ «የጥጃ ጥቢ» ወይም ይህን የመሰለ ቅሪት በአንዱ አገር በተገኘ ነበር። በአንጻሩ መስከረም ጠባ፣ ዘመን ጠባ፣ ሌሊቱ ጠባ የሚሉት አገባቦች ዛሬም በሕይወት አሉ። ከዚህም በላይ ጠዋት የሚለው ቃል ራሱ የጽባሕ ዘመድ ይመስለኛል፤ ሰብእ ሰው እንደሆነ በዚያም ብ ወደ ው ተለውጧል። ጥቢ ግን ብን ጠብቆ ያቆየ ታላቅ ወንድሙ ነው።

ደጋማው፦
እንግዲያው ቃሉ የንጋት ከሆነ ለምን ማለዳን ጥቢ አንለውም? አንድም ሰው «ነገ በጥቢ እመጣለሁ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። የርባታው መንገድ ክፍት ሆኖ ሳለ ትርጉሙ በወቅት ላይ ብቻ፣ ያውም በእህልና በከብት ወቅት ላይ መቆሙ ሊብራራ ይገባዋል።

ዘማኅሌት፦
ከሁለታችሁም ፈቃድ እጠይቃለሁ። በአብነት ትምህርት ቤት ዜማውንም ቅኔውንም የተማርሁ እንደመሆኔ፣ ጥያቄው ከሥር ፍለጋ በፊት ከዘመን አቆጣጠር መጀመር እንደነበረበት ላሳስብ። ቤተ ክርስቲያን ዓመቱን በአራት ትከፍለዋለች፦ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ ወይም ሐጋይ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት። መስከረምን ጸደይ እያሉ የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው፤ ይህ ስሕተት በራድዮንና በመጽሔት ተደጋግሞ ሥር ስለ ሰደደ እዚህ እንዳይደገም አደራ እላለሁ። ባላገሩ ጥቢ የሚለው ሊቃውንቱ መፀው የሚሉትን ነው። ስለዚህ ጥቢ ታኅሣሥ 25 ያልቃል፤ የኅዳሩም ቅቤ ያለ ጥርጥር የጥቢ ቅቤ ነው።

ሰዋስው፦
መሪጌታ፣ ስለ ጸደይ ያሉትን በሙሉ እቀበላለሁ። መፀውና ጥቢ አንድ ናቸው ማለትዎን ግን መቀበል አልችልም፤ በራስዎ ቁጥር ብንሄድ መስከረም እስከ 25 ድረስ ክረምት ነው። ታዲያ ከዕንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ማግስት ድረስ ሰው ሁሉ ጥቢ ገባ ሲል የሚኖረው በክረምት ውስጥ ሊሆን ነው? በደመራ ዋዜማ የተናጠን ቅቤ የክረምት ቅቤ የሚል ባላገር ካለ ያሳዩኝ።

ዘማኅሌት፦
የባላገር አፍ የቀን ወሰን አይጠብቅም፤ የሊቃውንት ቁጥር ግን ይጠብቃል። ሁለቱ በ25 ቀን ቢለያዩ ነገሩ ያው ነው። እርስዎ ግን ጥቢን በጥቅምት ሲዘጉት ዘመነ ጽጌ ሳይፈጸም መዝጋትዎን ልብ ይበሉ። አበባው በሜዳው ሞልቶ፣ ማኅሌተ ጽጌ ሌሊቱን ሙሉ እየተቆመ፣ ጥቢ አልቋል ሊባል ነው? ቢያንስ እስከ ኅዳር 5 ይቆይልን።

ወለዬዋ፦
እኔ ግእዝ አልተማርሁም፤ ቅቤ ግን ከእናቴ ጋር ስንጥና ሳነጥር ኖሬያለሁ፤ ስለዚህ ስለ ነገሩ ብቻ ልናገር። በመጀመሪያ ለጋና ጥቢ እንዳይምታቱ። ለጋ፣ መካከለኛ፣ በሳል የምንለው የቅቤውን ዕድሜ ነው፤ ገበያ ላይም በዚሁ ይሸጣል። ጥቢ ግን ቅቤው ሲናጥ ላሚቱ የነበረችበትን ግጦሽ የሚናገር ነው። የጥቢ ቅቤ ስድስት ወር ቆይቶ በሳል ቢሆንም የጥቢ ቅቤ መሆኑ አይቀርም። ላሚቱ ለምለም ሣር ስትበላ ቅቤው ቢጫና ለስላሳ ይሆናል፤ ወደ ጭድና ወደ ድርቆሽ ስትዞር እየነጣ፣ እየጠጠረ ይሄዳል። እናቶቻችን የሚለዩት በዚህ ነው። አታገናኚው የሚሉትም የከረመ ጥሬ ቅቤ አዲሱን ቶሎ ስለሚያበላሽበት፣ ደግሞም የጥቢው በመዓዛው ለዶሮ ወጥና ለገንፎ ተመርጦ ስለሚቀመጥ ነው።

ደጋማው፦
እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ የኔን ሐሳብ ከማንም በላይ የደገፉት እርስዎ ነዎት። ጥቢ የግጦሽ ስም ከሆነ ከጠበወ መውጣቱ ይበልጥ ይጠናከራል።

ወለዬዋ፦
የሚያስቸግር ነገርም አለ፤ እሱንም ልንገርህ። እኛ ዘንድ በልግ ይዘንባል። በልግ በደህና የዘነበ ዓመት ሣሩ በሚያዝያና በግንቦት እንደገና ይለመልማል፤ ቅቤውም እንደገና ቢጫ ይሆናል፤ ጥጃውም ይጠባል። ነገር ግን ያንን ቅቤ ጥቢ የሚለው ሰው የለም፤ የበልግ ቅቤ ነው የሚባለው። ቃሉ ከሣሩ ወይም ከጥጃው ብቻ የወጣ ቢሆን ሁለት ጥቢ በኖረን ነበር።

ሰዋስው፦
ይህ ምስክርነት ለኔ በጣም ዋጋ ያለው ነው። ሣር በዓመት ሁለት ጊዜ ይለመልማል፤ ዘመን ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይጠባል። ግጦሹና ቅቤው ስሙን የተዋሱት ከዘመኑ እንጂ ዘመኑ ከእነርሱ አይደለም።

ባለጓሮ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ብዙ ተምሬያለሁ። እትዬ ወለዬዋ ያሉት አማቴ «ላሚቱን ጠይቂያት» ካሉኝ ጋር የሚሄድ ይመስላል። ችግሬ ግን አልተፈታም፤ የኛ ላም አሁን ሁለቱንም ትበላለች። ጠዋት ወንዙ ዳር ያለውን ሣር ትግጣለች፤ ማታ ደግሞ ከአዲሱ የገብስ ጭድ ትቀምሳለች። ቅቤው ቢጫነቱ ቀንሷል፤ ነጭ ግን አይደለም። ኮረሪማውንና ኮሰረቱን አዘጋጅቻለሁ፤ እርዱን ነገ አስፈጫለሁ። ይህን መሃከለኛ ቅቤ ከመስከረሙ ጋር አብሬ ላንጥረው ወይስ ለብቻው?

ዘማኅሌት፦
ልጄ፣ የማንጠሩን ነገር ለእናቶች እተወዋለሁ። በቁጥር ግን ታኅሣሥ 25 እስኪያልፍ ድረስ የምትንጪው ሁሉ በመፀው ውስጥ የተናጠ ነው፤ በዚህ ላይ የምጨምረውም የምቀንሰውም የለኝም። ይልቅስ ሰዋስው ጠዋትን ከጽባሕ ያወጡበት መንገድ እንዲብራራልኝ እሻለሁ። የመጨረሻዋ ት ከየት መጣች? ጽባሕ በግእዝ ት የላትም።

ሰዋስው፦
ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ት የስም ማብጂያ ሆና የተጨመረች ናት ብዬ አምናለሁ፤ ጥብ ጡት ሲሆንም መጨረሻው ላይ ያለችው ይህችው ትመስለኛለች። ደጋማው በዚህ ደስ እንደሚለው አውቃለሁ፤ ጥቢ ከጥብ ነው የሚለውን ግን ከዚህ ሊያወጣው አይችልም።

ደጋማው፦
ደስ ብሎኛል፤ አልተረታሁም ግን። መምህር ጸብሐ ነው የሚለውን ለማጽናት ከፈለጉ ከከብትና ከእህል ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የጥቢ አገባብ ያምጡልኝ። «የጥቢ ፀሐይ» የሚለውን አስቀድሜ አነሳለሁ፤ እርሱን ግን በምስክርነት አልቀበለውም፤ በኛ አገር የጥቢ ፀሐይ የሚባለው ገብሱን የምታደርሰው ፀሐይ ናትና።

ወለዬዋ፦
ባለጓሮ፣ ለብቻው አንጥሪው። ሁለቱ ሲነጠሩ ማሰሮዎቹን ጎን ለጎን አድርገሽ ለአማትሽ አሳያቸው፤ አንድ ነው ካሉሽ ያኔ መቀላቀል ይቻላል፤ ከተቀላቀለ በኋላ ግን መለየት አይቻልም።

ሰዋስው፦
«የጥቢ ፀሐይ» ስላልከው ደጋማው፣ በምሥራቅ ጎጃምና በቤጌምድር ያሉ አባላት አገባቡን እንዲያመጡልን እጠይቃለሁ። ገብስ በማይዘራበት ቆላም «የጥቢ ፀሐይ» የሚባል ከሆነ ነገሩ ወደ ጸብሐ ያዘነብላል።