ከኦርኬስትራው ይልቅ የድሮው የጌም ዜማ ለምን ይበልጥብኛል?

የካሴት ዘመን (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ስለ ቆዩ የቪዲዮ ጌም ዜማዎችና አፍቃሪዎቻቸው እንደገና እያቀናበሩ ስለሚያሰራጯቸው ሬሚክሶች ነው። ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ በሰፈራችን ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ፣ ቢጫ ካሴት የሚጎርስ የጌም ማጫወቻ የነበረው አንድ ቤት ብቻ ስለነበር፣ እኛ ትንንሾቹ ታላላቆቻችን ተጫውተው እስኪጠግቡ ድረስ በረንዳው ላይ ተደርድረን ተራ እንጠብቅ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ተራችን ሳይደርስ ይመሽ ነበር። ስለዚህ ከሱፐር ማሪዮ የቀረልኝ ጨዋታው ሳይሆን በግድግዳው በኩል ይሰማኝ የነበረው ዜማ ነው። እስከ ዛሬ ሽንኩርት ስከትፍ አንጎራጉረዋለሁ።

አሁን ዋሽንግተን የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የዚያን ዘመን ዜማዎች ሬሚክስ ይልክልኛል፤ አንዱ በሙሉ ኦርኬስትራ፣ አንዱ በጃዝ ባንድ፣ አንዱ ደግሞ በሚያጓራ ጊታር የተሠራ ነው። አብዛኞቹን የሠሯቸው ገንዘብ የማይከፈላቸው አፍቃሪዎች መሆናቸውን ስሰማ ድካማቸውን አደነቅሁ። ነገር ግን ሰምቼ ስጨርስ ሁልጊዜ አንድ የጎደለ ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ተመልሼ ዋናውን ስከፍተው ደግሞ ያ ጢጥ ጢጥ የሚለው ድምፅ ጆሮዬን ይሞላዋል። ወንድሜ፣ "የናፈቀሽ ልጅነትሽ ነው እንጂ ሙዚቃው አይደለም፤ ለነገሩ የምታንጎራጉሪውም ዜማ ትክክለኛው አይደለም" እያለ ይስቅብኛል።

እውነቱ ከወንድሜ ጋር ነው ወይስ በሙዚቃው አሠራር ውስጥ በእርግጥ ሲቀናበር የሚጠፋ ነገር አለ? ካለስ ያንን ነገር ሳያጠፉ የተሠሩ ሬሚክሶችን ከየት ልጀምር?

የብየዳ እጅ

እህቴ፣ ወንድምዎ ከግማሽ በላይ ተሳስተዋል ባይ ነኝ። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መጠገን እንጀራዬ ስለሆነ መልሱን ከዕቃው ልጀምር። እነዚያ ካሴት የሚጎርሱ ማጫወቻዎች በአብዛኛው ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ ያቀረበው የፋሚኮም ቅጂዎች ናቸው። ፋሚኮም ድምፅ የሚያወጣባቸው መስመሮች አምስት ብቻ ናቸው። ሁለቱ አራት ማዕዘን ሞገድ የሚባለውን ሹል ድምፅ ያወጣሉ፤ ሦስተኛው ለስለስ ያለውን ሦስት ማዕዘን ሞገድ ይዞ ብዙውን ጊዜ ባስ ይጫወታል፤ አራተኛው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ እየተንሿሿ የከበሮ ቦታ ይሸፍናል፤ አምስተኛው አጫጭር የተቀዱ ድምፆችን የሚያሰማ ሲሆን፣ የተቀዳ ድምፅ ብዙ ቦታ ስለሚይዝ ሁሉም ጌም አይጠቀምበትም ነበር። ሦስት ማዕዘኑ ደግሞ የድምፅ መጠን ማስተካከያ እንኳ የለውም፤ ወይ ይሰማል ወይ ዝም ይላል።

ኮጂ ኮንዶ በ1985 ለወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ዜማውን የደረሰው በዚህ ዕቃ ላይ ነው። ጨዋታው ከነሥዕሉ፣ ከነሙዚቃው፣ ከነሁሉ ነገሩ 40 ኪሎባይት ነው፤ ዛሬ በስልክዎ የሚያነሱት አንድ ፎቶግራፍ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዚያ ላይ ማሪዮ በዘለለ ቁጥር የዝላዩ ድምፅ ከሁለቱ አራት ማዕዘን መስመሮች አንዱን ስለሚቀማ፣ ሙዚቃው ለዚያች ቅጽበት አንድ እጁን አጥቶ መንገዱን ይቀጥላል። ከሦስት የዜማ መስመሮች አንዱ በማንኛውም ሰዓት ሊወሰድበት እንደሚችል እያወቀ የሚጽፍ ሰው ለጌጥ ብቻ የሚያስቀምጠው ኖታ አይኖረውም፤ እያንዳንዷ ኖታ ሥራ አላት፣ በኖታዎቹ መካከል ያለው ዝምታም እንዲሁ። ኦርኬስትራው ሲመጣ መጀመሪያ የሚደፍነው ያንን ዝምታ ነው። ቫዮሊኖቹ ሥራ ፈትተው መቀመጥ የለባቸውምና!

ሁለተኛው የሚጠፋው ነገር በእኛ በጠጋኞቹ ዘንድ መንቀጥቀጥ የምንለው ነው። በአንድ መስመር ላይ ሦስት ኖታዎችን በአንድ ጊዜ መጫወት ስለማይቻል፣ አቀናባሪዎቹ የኮርዱን፣ ማለትም አብረው ሊሰሙ የሚገባቸውን፣ ኖታዎች በየ1/50 ወይም በየ1/60 ሰከንዱ እያፈራረቁ ጆሮን ያታልሉ ነበር። በተለይ በ1982 በወጣው ኮሞዶር 64 በተባለው የቤት ኮምፒውተር ላይ የሠሩት እንደ ሮብ ሃባርድ ያሉ አቀናባሪዎች፣ ባላቸው ሦስት ድምፅ ብቻ ከዚህ ማታለያ ሙሉ ባንድ ያወጡ ነበር። ሬሚክስ ሠሪው ይህን የሚንቀጠቀጥ ድምፅ እንደ ድህነት ቆጥሮ በረጋ ቫዮሊን ሲተካው፣ ኮርዱ ትክክል ይሆናል፣ እሳቱ ግን ይጠፋል።

ሦስተኛው ነገር የሙዚቃው ሥራ ነው። በ1978 የወጣው ስፔስ ኢንቬደርስ ሙዚቃው ወደ ታች የሚወርዱ አራት ኖታዎች ብቻ ናቸው፤ ጠላቶቹ ባነሱ ቁጥር ኖታዎቹ እየፈጠኑ ሲሄዱ የተጫዋቹ ልብ አብሮ ይፈጥናል። ማሪዮ ላይም ሰዓቱ ከ100 ሲያንስ ዜማው መሮጥ ይጀምራል። ወንበር ላይ ተደግፈው የሚሰሙት የአራት ደቂቃ ሬሚክስ ከመሞት አያስፈራራዎትም።

ማታ ተረኛ

ከላይ የተጻፈው ትክክል ቢሆንም የሚወስደን ድምዳሜ ግን አያሳምነኝም። አቀናባሪዎቹ ያን የድምፅ ቺፕ የተጠቀሙት ሌላ ስላልነበራቸው ነው እንጂ ወደውት አይደለም። ኮይቺ ሱጊያማ ሙዚቃውን የደረሰለት ድራጎን ኩዌስት በ1986 ወጣ፤ በማግስቱ ዓመት በ1987 ዜማዎቹ ቶኪዮ ውስጥ በኦርኬስትራ ኮንሰርት ቀረቡ። እንግዲህ ኦርኬስትራውን ያመጡት ናፍቆት ያሸነፋቸው አፍቃሪዎች ሳይሆኑ ባለቤቱ ራሱ ነው። ፋሚኮምን በተካው በሱፐር ኒንቴንዶ ዘመን ደግሞ ስምንት መስመርና ለድምፅ ብቻ የተለየ 64 ኪሎባይት ማስታወሻ ስለነበረ፣ ዴቪድ ዋይዝ በ1994 ለዶንኪ ኮንግ ካንትሪ የሠራው የውሃ ውስጥ ሙዚቃ ጢጥ ጢጥ የሚባል አይደለም፤ በወቅቱ እጅግ ውድ የነበረ ኪቦርድ ድምፅን በዚያች ጠባብ ቦታ ለማስመሰል የተደረገ ትግል ነው። አቀናባሪው ወዴት ለመድረስ እንደሚጥር ከሙዚቃው ውስጥ ይሰማል። ጥሩ ሬሚክስ የምለው ያንን ጉዞ የሚያደርስለትን ነው።

ከየት ልጀምር ላሉት፣ በ1999 የተመሠረተውን ኦቨርክሎክድ ሪሚክስ የተባለውን የአፍቃሪዎች ድረ ገጽ እመክራለሁ። ሥራዎቹ በነፃ ይወርዳሉ፤ ዋነኛ ጥቅሙ ግን የተላከ ሁሉ ተቀባይነት የማያገኝበት መሆኑ ነው። ዳኞች ይሰሙታል፣ ከዋናው እጅግ የራቀውንም፣ ዋናውን ገልብጦ የከበሮ ድምፅ ብቻ የጨመረውንም ይመልሱታል። የጌም ኩባንያው ካፕኮም በ2008 ላወጣው የሱፐር ስትሪት ፋይተር 2 ተርቦ ኤችዲ ሪሚክስ ሙዚቃውን ያሠራው እነዚህኑ አፍቃሪዎች ነው። በ2010 የሁለተኛውን ዶንኪ ኮንግ ካንትሪ ዜማዎች እንደገና ሲያቀናብሩም ዴቪድ ዋይዝ ራሱ አብሯቸው ተሳትፏል። ከዚህ ማኅበር ውጭ፣ ኤይት ቢት ቢግ ባንድ የተባለው የጃዝ ቡድን ከ1996ቱ ከርቢ ሱፐር ስታር ወስዶ ባቀናበረው ዜማ በ2022 በቅንብር ዘርፍ የግራሚ ሽልማት አግኝቷል። እሱን ሰምተው አሁንም የጎደለ ነገር ካለ ይንገሩኝ፤ እኔም አስተያየቴን እመረምራለሁ።

የካሴት ዘመን (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጃዝ ቡድኑን ሰማሁት፤ እውነትም የጎደለ ነገር አላገኘሁበትም። ያንን ጨዋታ ግን ልጅ ሳለሁ ሰምቼው ስለማላውቅ የምለካበት ነገር ስለሌለኝ ይሆን እያልኩ እጠራጠራለሁ። ሁለት ተጨማሪ ጥያቄዎች አሉኝ። እንዲህ ያለ ሬሚክስ መሥራት በሕግ ይፈቀዳል? ከአገራችን ቅኝቶች ጋርስ ያዛመደው ሰው ይኖራል?

ማታ ተረኛ

የሕጉን በአጭሩ ልመልስ። የዜማው መብት የአቀናባሪው ወይም የኩባንያው ነው፤ በነፃ ማሰራጨት ብቻውን ፈቃድ አይሆንም። ብዙ ኩባንያዎች ገንዘብ እስካልተሠራበት ድረስ አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ፤ ለመሸጥ ግን ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው። በዓለም ከታወቁት የጌም ዜማዎች አንዱ፣ በ1989 በእጅ ለሚያዘው ማጫወቻ ለጌም ቦይ የወጣው የቴትሪስ ዜማ፣ ራሱ ሬሚክስ መሆኑ ግን ያስገርማል። ሂሮካዙ ታናካ ያቀናበረው ግጥሙ ከገጣሚው ኔክራሶቭ ሥራ የተወሰደ የ19ኛው መቶ ዘመን የሩሲያ ሕዝባዊ ዘፈን ነው። የሕዝብ ዜማ የሁሉም ስለሆነ እርስዎም ሊነኩት ይችላሉ፤ የታናካን ቅንብር እንዳለ መገልበጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ስድስት ጅማት

የቅኝቱን ጥያቄ ለእኔ ተዉልኝ፤ ሞክሬው ከሽፎብኛልና። የማሪዮ መግቢያ "ሚ ሚ ሚ፣ ዶ ሚ፣ ሶል" ነው። ከዶ የሚነሳው ትዝታ ደግሞ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ስለሆነ መግቢያው አንድም ኖታ ሳይጎድልበት በክራር ይወጣል። ይህን ባገኘሁ ቀን ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ጓደኞቼን ቤት ጠራሁ። ችግሩ የመጣው ከመግቢያው በኋላ ነው፤ ዜማው ወደ ላ ወጥቶ ሲን ይነካና ከሲ በግማሽ ድምፅ በሚያንሰው በሲ ቤሞል በኩል ተንሸራቶ ወደ ላ ይመለሳል። ሁለቱም በትዝታ ውስጥ የሉም። ጥቂት ቆይቶ ፋ ይመጣል፤ እሱም የለም። የሌሉትን በቅርብ ኖታ እየተካሁ ስጫወት ጓደኞቼ በትህትና ዝም አሉ፤ ያች ተንሸራታች ሐረግ ከወጣች ማሪዮ ማሪዮ አይደለምና።

ከዚያ ወዲህ አቅጣጫውን ገለበጥኩት፤ ጌሙን ወደ ክራር ከማምጣት ይልቅ የእኛን ዜማ ወደ ቺፑ መውሰድ ጀመርኩ። ፋሚትራከር የሚባል በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አለ፤ ኖታዎቹ ከላይ ወደ ታች በዓምድ ይጻፋሉ፣ አንዱ ዓምድ አንዱ የፋሚኮም መስመር ነው። የብየዳ እጅ የጠቀሱትን መንቀጥቀጥ ለማግኘት ከኖታው ጎን 047 ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ ቁጥሮቹ ከመነሻው ኖታ በላይ አራትና ሰባት ግማሽ ድምፅ ማለት ናቸው። እኔም በመጀመሪያ በየቦታው 047 ስነሰንስ ከረምኩ። የወጣው ትዝታ ግን ጃፓን ደርሶ የመጣ ዓይነት ሆነ፤ የባህል ዜማችን በኮርድ ላይ የሚቆም አይደለምና ኮርዱ ይጫነዋል።

መፍትሔውን ያገኘሁት አንድ አዝማሪ ስሰማ ነው። ማሲንቆው ከድምፁ የተለየ ነገር አይጫወትም፤ ያንኑ ዜማ ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ አንዳንዴ እያቀጠነ፣ አንዳንዴ እየቀደመ ይከተለዋል። የድሮ ቺፕ አቀናባሪዎችም የገደል ማሚቶ ለመፍጠር ይህንኑ ያደርጉ ነበር፤ ሁለተኛው አራት ማዕዘን መስመር የመጀመሪያውን ዜማ ዝቅ ባለ ድምፅ ዘግይቶ ይደግመዋል። በዚህ ዘዴ ስሠራው ለመጀመሪያ ጊዜ የማላፍርበት ነገር ወጣ። የሞገዱን ቅርጽ ወደ ቀጭኑ፣ ወደ 12.5 በመቶው ስለውጠውም በአፍንጫ እንደሚዘፍን ሰው ይሆንና ወደ ማሲንቆ ይጠጋል። ትዝታና ባቲ ተሳክተውልኛል፤ አንቺሆዬ ግን ገና እያስቸገረኝ ነው። በክራር ላይ ስቃኘው ጆሮዬ የሚፈልገው ድምፅ ከፕሮግራሙ ኖታ ትንሽ ስለሚሸሽ፣ እያንዳንዱን ኖታ በጥቃቅን ማስተካከያ መጠምዘዝ ይጠይቃል።

የብየዳ እጅ

ይህን ከሰማሁ በኋላ ማታ ተረኛን መከራከር ትቻለሁ። ለጠያቂያችን አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። የፋሚኮም ሙዚቃን ከጨዋታው ነጥለው የሚያጫውቱ ፕሮግራሞች አምስቱን መስመሮች አንድ በአንድ ለመዝጋት ያስችላሉ። ማሪዮን ይክፈቱና ሁለቱን አራት ማዕዘኖች ዘግተው ሦስት ማዕዘኑን ብቻ ይስሙ፤ ቀጥሎ ይገልብጡት። የወንድምዎ ሬሚክሶች የትኛውን መስመር እንደጣሉ ያኔ በጆሮዎ ይለዩታል።

የካሴት ዘመን (ጠያቂ)

ትናንት ማታ የተባለውን አደረግሁ። መጀመሪያ አራት ማዕዘኖቹን ብቻ ሰማሁ፤ ወንድሜ የሚያውቀው፣ ሰው ሁሉ የሚያፏጨው የማሪዮ ዜማ እሱ ነው። ከዚያ እነሱን ዘግቼ ሦስት ማዕዘኑን ብቻ ስከፍተው ቢላዬን አስቀመጥኩ። ይህን ያህል ዓመት ሳንጎራጉረው የኖርኩት ባሱን ነው። በረንዳ ላይ ለተቀመጠ ሰው በግድግዳ የሚያልፈው እሱ ብቻ ሆኖ ኖሯል፤ በወንድሜ ሬሚክሶች ውስጥ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የተቀየረው እሱ ነው። ወንድሜ የዚያ ቤት ልጅ ጓደኛ ስለነበር ሁልጊዜ ከውስጥ ነበር የሚጫወተው። ፋይሉን ልኬለታለሁ፤ እስካሁን አልመለሰልኝም።