የአክራው ጉዳይ «አመፅ» ነው «ሁከት»?

ጥያቄ፦ ሰላም የቃል ሰዎች። ስለ ቅኝ ግዛት ዘመን ጋና እየተረጎምኩ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. አክራ ላይ የሆነውን «አመፅ» አልኩት። አርታኢው ሰርዞ «ሁከት» አለው። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ «አመፅ» ይበዛበታል። «ሁከት» ደግሞ የመንግሥት አፍ ነው። ፍርድ ቤት የሚወደው ቃል ነው፣ ጎረቤት ይዞታሽ ውስጥ ቢገባ እንኳ «ሁከት ይወገድልኝ» ብለሽ ነው የምትከሽው። እንግሊዞቹ በኋላ ያቋቋሙት የዋትሰን አጣሪ ኮሚሽን በስሙ ያስገባው ይኸንኑ ስለሆነ እዚያ ላይ ተጠቀሚበት።

ግን ነገሩ የጀመረው በአድማ ነው። ከጃንዋሪ ጀምሮ ኒ ክዋቤና ቦኔ የሚባሉ ባላባት አስተባብረው ሕዝቡ ከአውሮፓውያንና ከሶርያ ነጋዴዎች አልገዛም አለ። ዋጋው አይቀመስም ነበር። ነጋዴዎቹ በዕቃ ላይ የሚጭኑትን ትርፍ ከ75 ወደ 50 በመቶ እናወርዳለን አሉና አድማው ፌብሩዋሪ 28 ቀን (በእኛ የካቲት 20 ቀን 1940) አበቃ። ሰዉ ዋጋው በግማሽ የወረደ መስሎት ሱቅ ሄደ። የወረደው ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በገነ።

የዚያኑ ዕለት ሰልፍም ነበር። በርማ ድረስ ሄደው ለእንግሊዝ የተዋጉ የቀድሞ ወታደሮች (የአገራቸው ብርጌድ በ1941 እ.ኤ.አ. እኛም ዘንድ ዋደራ ላይ ጣልያንን ገጥሟል) ቃል የተገባልን የታል ብለው አቤቱታ ይዘው ወጡ። ከተፈቀደላቸው መንገድ ወጥተው ወደ ገዥው መኖሪያ ወደ ክርስቲያንስቦርግ ሲያቀኑ ኮሊን ኢምሬ የሚባል እንግሊዛዊ የፖሊስ አዛዥ ጥቂት አፍሪካውያን ፖሊሶች ይዞ ጠበቃቸው። አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፣ ድንጋይ ተወረወረ። ኢምሬ «ተኩሱ!» አለ። ፖሊሶቹ አልተኮሱም። ከአንዱ እጅ ጠመንጃ ነጠቀና ራሱ ተኮሰ። ሳጅን አጄቴይ፣ ኮርፖራል አቲፖና ወታደር ኦዳርቴይ ላምፕቴይ ሞቱ።

ወሬው መሀል ከተማ ሲደርስ ነገሩ ለየለት። የዩናይትድ አፍሪካ ካምፓኒ የሚባለው የእንግሊዝ የንግድ ድርጅት ሕንፃ ነደደ፣ ሱቅ ተዘረፈ፣ እስር ቤት ተሰበረ፣ ኩማሲም ተከተለች። ባጠቃላይ 29 ሰው ሞተ። ይሄ «ረብሻ» ነው። ግርግር ለሌባ ይመቻል እንዲሉ ዘራፊው ቢቀላቀልም፣ በዚያ ቀን ከተማው ውስጥ የነበረውን ሁሉ ዘራፊ ማለት ያስተዛዝባል።

ሌላ አባል፦ «አድማ በታኝ»ስ? ለኢምሬ ፖሊሶች ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። አድማ በታኝ ስንል ጋሻና የራስ ቁር ይዞ ለዚሁ የሠለጠነ ኃይል ነው የሚታየን። እነዚያ ተራ ፖሊሶች ናቸው፣ ጠመንጃ ይዘዋል። ደግሞስ የቱን አድማ ነው የሚበትኑት? ጠዋት አብቅቷል እኮ!

ባይሆን ገዥው ክሪሲ ከዚያ በኋላ ያደረገው ከቃሉ ጥንታዊ ፍቺ ጋር ይሄዳል። «አደሙብኝ» እንደምንለው፣ ማለት ዶለቱ። ሴራ ነው ብሎ ንክሩማንና ዳንኳን ጨምሮ 6 ፖለቲከኞች አሰረ። የዋትሰን ኮሚሽን ግን የዘረዘረው ምክንያት ሌላ ነው፦ የወታደሮቹ ብሶት፣ የዕቃ ዋጋ፣ በበሽታ የተያዘ ካካዋቸው በመንግሥት ትእዛዝ እየተቆረጠ ሜዳ ላይ የቀሩ ገበሬዎች። በጊዜው የነበረውን የቅኝ ግዛቱን ሕገ መንግሥትም ገና ሲወለድ ያረጀ ነው አለው። ለእኔ ከሪፖርቱ ሁሉ ደፋሯ ዐረፍተ ነገር ያቺ ናት።

ጠያቂዋ፦ እንግዲያው ርዕሱን «የአክራ ረብሻ» ልበለው፣ ውስጡ ግን አድማውንና ሰልፉን ለየብቻ እጠራለሁ። አርታኢው ካልተስማማ ወደዚህ እልከዋለሁ።

መልስ፦ ላኪው። የነጋዴዎቹ ማኅበር ምህጻረ ቃል «አዋም» ጋና ውስጥ ዛሬም የማጭበርበር ስም መሆኑንም ንገሪው፣ ይወደዋል።