ሞተሬን በትልቅ ልቀይር ወይስ በትንሿ ልቆይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ። 125 ሲሲ (በሲሊንደሯ ይዘት ትንሽ የምትባል) ሞተር ሳይክል እነዳለሁ። ሥራ የምመላለሰው በእሷ ነው፤ እሁድ እሁድም ጠመዝማዛ መንገድ ፍለጋ እወጣለሁ። ጓደኞቼ 1000 ሲሲ ገዝተው «አንተስ መቼ ነው የምታድገው?» ይሉኛል። እኔ ሞተሬን እወዳታለሁ። ግን የሚቀርብኝ ነገር አለ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሲሲ መጨመር ማደግ አይደለም። ለውድድር የተሠሩት 1000 ሲሲዎች በአንደኛ ማርሽ ብቻ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ያልፋሉ። ታዲያ ጉልበቱን የት ትጠቀመዋለህ? ትንሿን ግን ነዳጅ እስከ ጥግ ሰጥተህ፣ ማርሽ እየቀያየርክ ያላትን ሁሉ ታወጣለህ። ኩርባ ላይ ደግሞ ተወዳዳሪ የላትም። ጎማዋ ቀጭን ነው፣ ራሷም ቀላል ናት፤ መሪውን ገፋ ስታደርገው ወዲያው ወደ ኩርባው ታዘነብላለች። ያለ ቦታው ፍሬን ከያዝክ የባከነውን ፍጥነት ቶሎ አትመልሰውም። ስለዚህ አስበህ መግባት ትለምዳለህ። ትልቁ ላይ ያንን ስህተት ጉልበቱ ይሸፍንልሃል።

መልስ፦ እኔ ቁመቴ አጭር ነው። ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሞተር ነበረኝ፣ ሸጥኩት። ክብደቱ የሚታወቀው ሲነዳ ሳይሆን ሲቆም ነው። አፍንጫውን ወደ ቁልቁለት አድርገህ አቁመውና ወደ ኋላ ለመግፋት ሞክር፤ ያኔ ይገባሃል። አሁን 250 ሲሲ ነው የምነዳው። እግሬ ሙሉውን መሬት ይረግጣል፣ ብትወድቅም ብቻዬን አነሳታለሁ። ጎማና ካቴናም ቶሎ ቶሎ አልቀይርም።

መልስ፦ እዚህ ላይ ትንሽ ልለይ። ሰው ከኋላ ጭነህ ረጅም መንገድ የምትሄድ ከሆነ 125 አይበቃህም። ዳገት ላይ ትደክማለች፤ ከባድ መኪና ለመቅደምም ጉልበት ያጥራታል። እንደዚያ ከሆነ ከ300 እስከ 400 ሲሲ ያሉትን ባለ አንድ ሲሊንደር እይ። ከነነዳጃቸው ከ170 ኪሎ የማያልፉ አሉ። ከዚያ በላይ ግን አያስፈልግህም።

መልስ፦ ለጓደኞችህ ይህንን ንገርልኝ። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣችው የመጀመሪያዋ ሆንዳ ሱፐር ከብ 49 ሲሲ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2017 የሱፐር ከብ ምርት 100 ሚሊዮን ደርሷል። በዓለም ላይ ይህን ያህል የተመረተ ሞተር የለም።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ሰው አልጭንም፣ ስለዚህ አልቀይራትም። ለዳገቱ ግን መላ አለ?

መልስ፦ አለ። የፊቱን የካቴና ጥርስ (ካቴናው የሚዞርበትን ባለ ጥርስ ክብ ብረት) በጥርስ ቁጥር በአንድ በሚያንስ ቀይረው። ዳገት ላይ ትበረታለች። የመጨረሻ ፍጥነቷ ትንሽ ይቀንሳል፣ ሜዳ ላይም ድምፅዋ ከፍ ይላል። ስትቀይር ካቴናውንም እየው፤ ከተሳበ አዲሱን ጥርስ ቶሎ ይበላዋል።